ጠዋት ጠዋት ረጥቦ የሚገኘው መደብ

ፀጉሯ ሽበት ካወጣ በኋላም ሰፈሩ የሚጠራት «ታናሿ» እያለ ነው። ታላቋ በሕይወት እያለች ይህ ስም ያስኬድ ነበር። እህትማማቾቹ በአንድ ግቢ ችግኝ ያፈላሉ፤ ደንበኛ በሩን ሲያንኳኳ «ታላቋ አለች?» ይላል፤ ከሌለች ደግሞ እንደ መጽናኛ «እሺ ታናሿን ጥሩልኝ» ይላል። ታላቋ ከሞተች ዝናቡ አልፎ ፀሐዩ ገብቷል፣ ስሙ ግን እንዳለ ቀርቷል። አንዳንዴ ሰው ታናሿ ብሎ ሲጠራት ዘወር ትላለች፤ ከጎኗ ሌላ ሰው ቆሞ ማየት የነበረባት ይመስላታል።

ግቢው ጠባብና ረጅም ነው። በአንድ ወገን የልብስ ሰፊዋ ግድግዳ፣ በሌላው ወገን የቆርቆሮ አጥር፤ መሐል ላይ ችግኝ የሚፈላባቸው መደቦች ተርታቸውን ይዘው ወደ ታች ይወርዳሉ። ከላይ በኩል የውሃ ቧንቧው፣ ከበሩ አጠገብ የአባትየው አግዳሚ ወንበር አለ። አባትየው በጉብዝናቸው ግንበኛ ነበሩ። የግቢውን ግድግዳ የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ የመደቦቹንም ጠርዝ በጡብ የደረደሩት እሳቸው ናቸው። አሁን እጃቸው ጠንካራ ነው፣ አእምሯቸው ግን አልጠና ብሏል። የጥንቱን የጡብ ልክ አይረሱም፣ የዛሬውን ቁርስ ግን በልተው ሳይጨርሱ ይረሱታል።

ታናሿ ወደዚህ ሥራ የገባችው ወዳው አልነበረም። ጠርሙስ የምታጥብበት ፋብሪካ ተዘግቶ ቤት ስትውል ታላቋ «ነይ፣ እጅሽ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ አፈር ይንካ» አለቻት። ነካች። አፈር መንፋት፣ ብስባሽ መቀላቀል፣ ውሃ መቅዳት፣ ችግኝ ነቅሎ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል የሷ ሥራ ሆነ። ዘር መዝራት ግን በነዚያ ሁሉ ዓመታት ተፈቅዶላት አያውቅም። ታላቋ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ታሽና አንዴ በመደቡ ቁመት፣ አንዴ በአግድሙ ትበትነዋለች፤ የእጇ አንጓ እንደ ወንፊት ነበር የሚነቀነቀው።

«እስቲ ዛሬ እኔ ልሞክር» ትላታለች ታናሿ።

«አንቺማ እጅሽ ይፈራል። የሚፈራ እጅ ደግሞ ይሰስታል። ሂጂ ውሃ አምጪ።»

ሂጂ ውሃ አምጪ። ይህችን ትእዛዝ ስትሰማ ኖራ፣ አንድ ቀን የሚያዛት ጠፋ።

ታላቋ የታመመችው ቲማቲሙ በሚቀላበት ወቅት ነው። እሷ የምታፈላው ቲማቲም ከማንም ግቢ የማይገኝ ነበር፤ ቅርፊቱ ጠንካራ፣ መንገድ ላይ የማይፈርጥ፣ ሰው ሁሉ «የታላቋ ቲማቲም» የሚለው። ዘሩን በየዓመቱ ከራሷ ተክል መርጣ፣ አጥባ፣ በጨርቅ ላይ አድርቃ ታስቀምጥ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሁሉም በአልጋዋ ዙሪያ ሲሯሯጥ ፍሬው ተክሉ ላይ እንዳለ በሰበሰ፣ ማንም አልቆረጠውም። ከቀብር በኋላ ታናሿ ቁም ሣጥኑን ስትከፍት ካለፈው ዓመት የተረፈ ዘር በአንድ ትንሽ ብልቃጥ ግርጌ አገኘች። ያ ካልበቀለ የታላቋ ቲማቲም ከታላቋ ጋር ተቀበረ ማለት ነው። ብልቃጡን በመዳፏ ይዛ «ጌታዬ፣ ይቺን እንኳ ተውልኝ» አለች።

ሌላም የተረፈ ነገር ነበር፤ የአባትየው ጥያቄ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ታላቋ የት ናት?» ሲሉ እውነቱን ነገረቻቸው። መሬት ላይ ወድቀው አለቀሱ። በማግስቱ ረስተው ጠየቁ፣ ነገረቻቸው፣ እንደ አዲስ ወደቁ። ልብስ ሰፊዋ ጩኸቱን በግድግዳ በኩል ስትሰማ ቆይታ መጣች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልብ የለሽም እንዴ? ሽማግሌ ሰው በየቀኑ ልጅ ይቀብራል? ወጣ ብላለች በያቸው።»

«መዋሸት ይሆንብኛል።»

«እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ከውሸት አይቆጥረውም። ቆጥሮትም ከሆነ በኔ ላይ ይጻፈው፣ የኔ መዝገብ እንደሆን ቦታ የለውም፣ ሞልቷል» አለችና ሳቀች።

ታናሿም «ወጣ ብላለች፣ ትመጣለች» ማለት ጀመረች። አባትየው «እሺ፣ ትምጣ» ይሉና ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

የመዝሪያው ወቅት ሲደርስ የግብርናው ባለሙያ በሞተር ብስክሌቱ ብቅ አለ። ታላቋን የሚያውቅ፣ በሷም ስድብ ያደገ ወጣት ነው። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው።

«እናቴ፣ ይህን ሁሉ በአንድ መንገድ እንዳይዘሩት። ሦስት ቦታ ይክፈሉት።»

«ታላቋ የምታውቀው መበተን ብቻ ነው።»

«የሷ እጅ ሌላ ነው፣ ማንም አይተካውም። መበተን ይፈጥናል፤ ግን ችግኙ ይጨናነቃል፣ ሲነቀልም ሥሩ ይቆራረጣል። በመስመር ሲሆን አየር ያገኛል፣ አረሙም ይለያል። ባለ ጉድጓድ የችግኝ ትሪ ደግሞ ለእያንዳንዷ ፍሬ የራሷን ጎጆ ይሰጣታል፤ ስትተከል ከነአፈሯ ነው የምትወጣው። ክፋቱ ቶሎ ይደርቃል።»

«የትኛው ይሻላል ታዲያ?»

«እሱን እርስዎና ይህ ግቢ ትነግሩኛላችሁ» አለና ባለ ጉድጓድ የፕላስቲክ ትሪዎች አውርዶላት ሄደ።

ታናሿ ጸልያ ጀመረች። መጀመሪያ የብተናውን፤ ፈርታ እንዳትተወው ብላ። ዘሩን ከአሸዋው ጋር አሸችና በላይኛው መደብ አናት ላይ ቆመች። ጠርዙ ላይ ገና ስትጀምር አሸዋው ቆጠብ ቆጠብ እያለ ወረደ። ወደ መሐል ስትገባ ግን አንጓዋ ላይ አንድ ነገር የያዛት መሰላት፤ የሚያስፈራ ኃይል ሳይሆን፣ ሰው የሕፃን እጅ ይዞ ጽሕፈት እንደሚያስተምረው ዓይነት። አሸዋው እኩል ዘነበ። ዞራ አየች። አባትየው ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩአታል እንጂ ማንም የለም።

የመስመሩን ከሱ በታች ባለው መደብ ላይ ሠራች። በእንጨት ጫፍ ስትሰምር አባትየው አላስቻላቸውም።

«ምንድነው ይሄ? እባብ ነው መስመር?»

«መስመር ነው አባዬ።»

«ሰክሮ የሄደ መስመር! ሲባጎ አምጪ» አሉና በሁለት ችካል ወጥረው ሰጧት። እንደ ጡብ ተርታ ቀጥ ያሉ መስመሮች ወጡ። ትሪው ላይ ሲደርሱ ግን ሰለቻቸው፤ ለአንድ ጉድጓድ አንድ ፍሬ ማድረግ የሴት ሥራም የወንድ ሥራም አይደለም፣ የጉንዳን ሥራ ነው ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ታናሿ ብቻዋን ለእያንዳንዷ ፍሬ «በስምህ» እያለች ጨረሰች።

ቀድሞ ብቅ ያለው ብተናው ነው። ላይኛው መደብ ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ የተዘረጋ መሰለ። መስመሩ ዘግይቶ፣ ግን ወታደር መስሎ ወጣ። ትሪው ግማሹ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ፤ ዘሩ ያለፈው ዓመት ነዋ። በየወቅቱ ችግኝ የሚወስደው አትክልተኛ መጥቶ ከብተናው ፊት ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይሄ የታላቋ እጅ ነው። እጇን አውርሳሽ ነው የሄደችው?»

«ተው እንዲህ አትበል» አለችው ታናሿ። ሌሊቱን ግን ቃሉ ሲመላለስባት አደረ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ጠዋት ስትወጣ ላይኛው መደብ ረጥቦ ታገኘዋለች። ጤዛ አይደለም፤ ታችኛው መደብ ደረቅ ነው። ትናንት እኔ ነኝ ያበዛሁት አለች። በማግስቱም ረጥቦ ተገኘ። ውሃ ማጠጫው ከሚሰቀልበት ምስማር ወርዶ ከመደቡ ራስ ዘንድ ተቀምጧል፣ አፉ ወደ ቧንቧው ዞሮ። እንዲያ አዙራ የምታስቀምጠው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበረች። በሦስተኛው ጠዋት ጭቃው ላይ ዱካ አየች። የጎማ ቦቲ ዱካ ነው፤ የግራው ተረከዝ ተቀዶ በመኪና ጎማ ቁራጭ የተለጠፈበት ምልክት ቁልጭ ብሎ ታትሟል። የታላቋ ቦቲ ነው። ሮጣ ወደ ታላቋ ክፍል ገባች። ቦቲው ከበሩ ኋላ በቦታው አለ። ጎንበስ ብላ ነካችው። እርጥብ ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስትረጋጋ ወጥታ በግድግዳው አናት ላይ ልብስ ሰፊዋን ጠርታ ነገረቻት።

«ታላቋ እየመጣች ነው ነው የምትይኝ?»

«ምን እንደምልሽ አላውቅም።»

«ከመጣችማ ጥሩ ነው፣ የኔንም ደጅ ትጥረግልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ሳቋ ግን በግማሽ ቀረ፤ መቀሷን አስቀምጣ አማተበች። «ጸልዪ እንግዲህ። ሌላ ምን አለ።»

ታናሿ ጸለየች። ጸሎቷ ግን ንጹሕ አልነበረም፤ ግማሹ «አርቅልኝ» የሚል ነበር፣ ግማሹ ደግሞ «አታርቅብኝ»። እህቷ በሞት ተለይታም መደቡን አልተወችውም ማለት ነው፤ ታናሿን ያላመነች ብትሆን እንኳ ዘሩን አልረሳችም። ፍርሃቱ እያለ ቤቱ የሞቀላት መሰላት። አንድ ቀን ሲመሽ ማጠጫውን ባዶውን በምስማሩ ላይ ለመስቀል አነሣችና አመነታች። እህቷ ስትታመም እጇ እንዴት ዝሎ እንደነበር ታወሳት። ማጠጫውን ከቧንቧው ሞልታ በመደቡ ራስ አስቀመጠችው፤ መቅዳቱ እንዳይከብዳት። ጠዋት ባዶ ሆኖ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ መሙላት ልማድ አደረገችው። ለማንም አልተናገረችም።

ችግኞቹ መውደቅ የጀመሩት ከመደቡ መሐል ነው። ትናንት ቆመው የነበሩት ዛሬ በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ቅጠላቸው ገና አረንጓዴ ነው፣ አንገታቸው ግን ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ጠቁሮ እንደ ክር ቀጥኗል። በማግስቱ የወደቁበት ክብ ሰፋ። ባለሙያው መጣ፤ አንዷን በጣቱ አንሥቶ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«እናቴ፣ ማነው ውሃ እንዲህ የሚያበዛው?»

ታናሿ ዓይኗን ወደ ማጠጫው ጣለች።

«ብትን መደብ ድሮም ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ነፋስ አይገባውም። በላዩ ላይ ውሃ ሲተኛበት አንገቱ ይበሰብሳል። ይህ ሊያልቅ ነው። የሚያሳስበኝ ግን እሱ አይደለም» አለና ወደ ታች አመለከታት። ከላይኛው መደብ የፈሰሰው ውሃ ጡቡን ዘልቆ ወደ መስመሩ ራስ ደርሷል። የመጀመሪያው መስመር ላይ አንዲት ችግኝ ተኝታለች። «ውሃው ካልቆመ ይሄም ይከተላል። የሚቀርልዎት ትሪው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያውቁታል።»

ሲሄድ ታናሿ ትሪው አጠገብ ተቀመጠች። የምታጠጣው ታላቋ ከሆነች፣ የገዛ ዘሯን እንዴት ትገድላለች? ታላቋ የገዛ ዘሯን አትገድልም፤ ታዲያ ማን ነው? ይህ ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ አስፈራት። በሚቀጥለው ቀን ወገግ ከማለቱ በፊት ተነሥታ ነጠላዋን ተከናነበችና ከቧንቧው አጠገብ ካለው የአፈር ክምር ጀርባ ቁጭ አለች። ከንፈሯ መዝሙር ይላል።

ሰማዩ ገና ግራጫ ነበር። የታላቋ ክፍል በር ሲጥጥ አለ። ቀጥሎ የቦቲው ድምፅ ተሰማ፤ ቧ፣ ቧ፣ ቀስ እያለ፣ ግራውን ሳብ እያደረገ። ከዚያም የታላቋ ሹራብ በጭላንጭሉ ውስጥ ሲመጣ አየች። ሹራቡ ጎንበስ አለ፣ ማጠጫውን አነሣ፣ እንደ ግንበኛ ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

«አባዬ?»

አባትየው ደነገጡ፣ ግን ማጠጫውን አልለቀቁም። «ቀስ በይ! ትሰማለች።»

«ማን ናት የምትሰማው?»

«እህትሽ ናታ! ጠዋት ጠዋት ትጠራኝ የለም እንዴ። አባዬ ጠማኝ ትለኛለች።»

«የት ሆና ነው የምትጠራህ?»

አባትየው በአገጫቸው ወደ መደቡ አሳዩዋት፤ ግልጽ ነገር እንደሚጠየቅ ሰው ተሰላችተው። «ወጣ ብላለች፣ ትመጣለች አላልሽም? ስትመጣ ደርቆ ብታገኘው ምን ልትል ነው? አዲስ ግድግዳ እንኳ ጠዋት ጠዋት ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ዞር በይ።»

ውሃው ፈሰሰ። ታናሿ በተኙት ችግኞች ላይ ሲወርድ አየችው። ምላሷ ላይ የቀለለ ነገር መጥቶ ነበር፤ «ውሃ ይብቃ ብላለች» ማለት። ለዛሬ ይበቃል። ነገ ይረሱታል፣ ነገም ሌላ ትፈጥራለች። የታላቋን ስም እየጠራች በየጠዋቱ ስትዋሽ ልትኖር፣ እሳቸውም የማትመጣ ልጅ እየጠበቁ ሊኖሩ ነው። ያ ድምፅ ከየትም ይምጣ፣ ሲጠራቸው የኖረው የተዘጋ በር ስለተከፈተለት ነው፤ የከፈተችው ደግሞ በውሸቷ እሷ ናት። እጃቸውን ከነማጠጫው ያዘች።

«አባዬ፣ ታላቋ አትመጣም። ሞታለች።»

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያናግርሻል!»

«ሞታለች። ዋሽቼህ ነው። ቀብረናታል።»

ማጠጫው ወደቀ። አባትየው እንደ በፊቱ መሬት ላይ ይወድቃሉ ብላ ክንዷን ዘረጋች፣ እሳቸው ግን አልወደቁም። ፊቷን እያዩ ቆሙ። «እና ማነው የሚጠራኝ?»

«አላውቅም አባዬ። እግዚአብሔር ያውቃል።»

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። በጣታቸው አንዲት የተኛች ችግኝ አንሥተው አንገቷን ዳሰሱ፤ አፈሩን ቆንጥረው ጨመቁት፣ ውሃ በጣቶቻቸው መሐል ወረደ። የሥራ ነገር ሲሆን አእምሯቸው መለስ ይላል።

«ውሃ በዝቶበታል።»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ?»

«እኔም ነኝ። ማጠጫውን ማታ ማታ የሞላሁልህ እኔ ነኝ።»

«አውቀሽ?»

«እሷ መስላኝ።»

ያኔ አለቀሱ፤ ሁለቱም፣ ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው፣ ልብስ ሰፊዋ በግድግዳው ላይ አንገቷን አውጥታ አንድም ቀልድ ሳይመጣላት እያየቻቸው።

በዚያው ጠዋት አባትየው አካፋ አስያዟት። በላይኛውና በታችኛው መደብ መካከል ቦይ ቆፈሩ፤ የበሰበሰውን ከነአፈሩ አንሥተው አራቁት፣ በቀረው ላይ ደረቅ አሸዋ ነሰነሱ። ከመስመሩ የተነካው ጫፉ ብቻ ሆነ፤ ሌላው ቆመ። ከብተናው የተረፉት ጠርዝ ላይ የነበሩት ናቸው፤ እጇ ፈርቶ የሰሰተባቸው። ታናሿ እነሱን በማንኪያ እየፈለቀቀች ትሪው ላይ ባዶ የቀሩት ጉድጓዶች ውስጥ አስገባቻቸው። ባለሙያው ሲመጣ ቆጥሮ ራሱን ነቀነቀ፤ ለዘር ይበቃል፣ አለ፤ ከቀናን ደግሞ ለአትክልተኛውም ይተርፋል። የትኛው መንገድ ይሻላል ብሎ ሲጠይቃት «መስመሩ ነው። አባዬ ሲባጎ የወጠረለት» አለችው።

ቦቲውን አጥባ ለልብስ ሰፊዋ ሰጠቻት። ሆኖም አንዳንድ ጠዋት፣ ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ፣ ቧ፣ ቧ የሚል ድምፅ ከግቢው ውስጥ ትሰማለች። አትወጣም። «ነፍስሽን ይማር» ትላለች በአልጋዋ ላይ ሆና፤ ድምፁም ቀስ እያለ ይርቃል።

የአባትየው ጥያቄ አልቀረም። ሲመሽ፣ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ታናሿ ትሪዎቹን ከነፋስ ስታስገባ ይጠይቃሉ። አሁን ሥራዋን ታቆምና አጠገባቸው ትቀመጣለች።

«ታላቋ የት ናት?»

«ሞታለች አባዬ።»

አንዳንድ ቀን ያለቅሳሉ፣ አንዳንድ ቀን ጉልበታቸውን ብቻ ያሻሉ። አንድ ዕለት ግን አዲስ ነገር ጠየቁ።

«ቀብሯ ላይ ነበርኩ?»

«ነበርክ። እኔን ተደግፈህ።»

«አለቀስኩላት?»

«ሰው እስኪይዝህ ድረስ።»

«እሰይ» አሉ አባትየው። እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ ዘረጉና ወደ መደቦቹ አዩ። «እሰይ። ሳላለቅስላት የቀረሁ መስሎኝ ነበር።»